የእንሰት ከሰል፣ ከኅዳር እስከ ጥምቀት

ሆሳዕና፣ ኅዳር ፲፮ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ዛሬ በቀኛዝማች ሀብቴ ግቢ የተናገርኩትን ነገ ሰው አጣሞ ሳያወራው እዚህ ላስፍረው። ስናደድ መጻፍ ይሻለኛል፤ ወረቀት አይመልስም።

ነገሩ የታችኛው ወንዝ ነው። ከከተማው ግርጌ ያሉት ፋቂዎች ቆዳ የሚዘፈዝፉባቸው ጉድጓዶች ሞልተው ሲፈሱ በአንድ ቦይ ወርደው ወንዙ ውስጥ ይገባሉ። ውሃው ለቆዳው ማልፊያ ከሚጨመረው የዛፍ ቅርፊት የተነሣ እንደ ጠላ ይጠቁራል። ሽታውን አልጽፈውም። ታቦት ለጥምቀት የሚወርደው ደግሞ ከቦዩ ዝቅ ብሎ ነው፤ ድንኳን የሚያስተክል ሜዳ ሌላ ቦታ የለም።

የደብሩ አለቃ ወልደ ሰንበት "ሰዎቹ ይነሡልን" ብለው አመለከቱ። አገሩን የሚያስተዳድሩት ቀኛዝማች ሀብቴም ወዲያው ፈረዱ፦ እስከ ከተራ የፋቂዎቹ ቤቶች ይፈርሳሉ፣ ሰዎቹም ከሞርሲቶ ማዶ ይሄዳሉ። ማዶው ውሃ ይኑረው አይኑረው፣ የሚቀበላቸው መንደር ይኑር አይኑር የጠየቀ የለም።

"ጥቂት ሳምንት ሥራ ያቁሙ እንጂ ለምን ቤት ይፈርሳል?" አልኩ።

ቀኛዝማች ሳቁ። "የእኔ ኮርቻና የፈረሴ ዕቃ እኮ እነሱ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በምን ተቀምጬ ልውጣ?"

ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ አይደለሁም። "ኮርቻው ይወደዳል፣ ኮርቻ ሠሪው ይባረራል! አለቃስ፣ የደብሩን ከበሮ የለበደው ማነው?" አልኩ። አለቃን ሳል ያዛቸው።

ከዚያ ለጥምቀት ውሃውን አጠራዋለሁ አልኩ። ሳላስበው አመለጠኝ የሚል ካለ ተሳስቷል።

"በምን?" አሉ ቀኛዝማች።

"በከሰል።"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። "ጥቁሩን በጥቁር! ሰይፈሥላሴ፣ ፈረንጅ አገር የተማርከው ይህን ነው?" ከዚያ ከፊታቸው የነበረውን ባዶ ብርሌ አነሡ። "በል። ከተራ ዕለት በዚህ ብርሌ ራሴ ከወንዙ እቀዳለሁ፣ ፀሐይ ላይም አየዋለሁ። ጠጅ ከመሰለ ቤቶቹ ያኑ ዕለት ይፈርሳሉ። ውሃ ከመሰለ ይቀመጡ።"

ይሁን። ሎዛን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መምህራችን አንድ ስኳር ፋብሪካ ወስደውን ነበር። የጠቆረ የስኳር ውሃ በከሰል መካከል አልፎ እንደ መስተዋት ጠርቶ ሲወርድ አይቻለሁ። ቀለሙ የከሰሉ ገላ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህ ሕግ ሆሳዕና ሲደርስ አይለወጥም።

ባለቤቴ ሙሉነሽ ነገሩን ሁሉ ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "ከሰሉን ከየት ሊያመጡ ነው? የደብሩን ጥድ ሊያስቆርጡ ነው?"

ጥድ አላስቆርጥም። ሰው የሚጥለው ነገር በየጓሮው ሞልቷል።

ኅዳር ፲፱

በጥድፊያ። የጉምሩክ ሹምነቴ ደግሞ አለ፤ ነጋዴ እየጠበቀኝ ነው። የቡና ገለባ፦ ዱቄት ሆነ። የገብስ ጭድ፦ አመድ ብቻ። የበቆሎ ቆረቆንዳ፦ መልካም፣ ግን የሚበቃ የለም። እንሰት፦ ከተፋቀ በኋላ የሚቀረው ልጥና የደረቀው የቅጠሉ አገዳ፦ እጅግ መልካም! ቀላል ነው፤ ውስጡ ሁሉ ቀዳዳ ነው። አንድ ጣሳ ጥቁር ውሃ አሳለፍኩበት፣ ገረጣ።

እንሰት የሌለበት ጓሮ የለም። ነገ እጀምራለሁ።

ኅዳር ፳

ሰው ሁሉ አብዷል።

ጠዋት ወደ አኑሎ ቤት ሄድኩ። አኑሎ ከከተማው ዳር የሚኖር ደኅና ሀዲያ ገበሬ ነው፤ እንሰቱ ብዙ ነው። እሱ አልነበረም፣ ሴቶች ከጓሮ ሲሳሳቁ ሰማሁ። ዞሬ ገባሁ። እየፋቁ ነበር፤ እያንዳንዳቸው ሳንቃው ላይ የእንሰቱን ልጥ በአንድ እግራቸው ረግጠው ይዘዋል። እኔን ሲያዩ ጩኸት! አንዷ ቅጠል አንሥታ ተሸፈነች፣ ሌላዋ መፋቂያዋን ወረወረች፤ ጆሮዬን ለጥቂት ሳተኝ። የአኑሎ ሚስት በቋንቋዋ ምን እንዳለችኝ ባላውቅም ምርቃት አልነበረም።

በኋላ የጉምሩኩ ዘበኛ አስረዳኝ። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አይደርስም፤ ባል እንኳ አይደርስም። የያዙትን ሥራ ጥለው ተነሥተዋል፤ ቆጮው ተበላሽቷልም ይላሉ።

እኔ የመጣሁት ጥራጊ ለመለመን እንጂ ጉልበት ለማየት አይደለም። ሳይንስ ወንድና ሴት አይለይም። ይህን ለዘበኛው ብነግረው "እሱስ ልክ ነው ጌታዬ፣ ሴቶቹ ግን ይለያሉ" አለኝ። አባረርኩት። ከዚያ ጠራሁት።

ኅዳር ፳፭

አንድም ቤት አንድ ቅጠል አልሰጠኝም። ጃጁራ ገበያ ድረስ በበቅሎ ሄጄ ልግዛ ብል፣ አንዲት ሴት ቅርጫቷን ወደ ጀርባዋ አዙራ ለጎረቤቷ የሆነ ነገር አለቻት፤ መደዳው ሁሉ ሳቀ። አብሮኝ የሄደው ዘበኛ ሊተረጉምልኝ አልፈለገም። ግድ ስለው "ላበደ አይሸጥም ነው የምትለው" አለ።

ማታ ሙሉነሽ "እኔ ልሂድ" አለች።

"ሄደሽ ምን ልትያቸው?"

"ምንም። ልፍቅ።"

የቡልጋ ባላባት ልጅ እንሰት ልትፍቅ! ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ኅዳር ፳፰

ሙሉነሽ ከአኑሎ ሚስት ዘንድ ውላ መጣች። እጆቿ ከእንሰቱ ውሃ የተነሣ እስከ ክርኗ ቀልተዋል፤ ስታክ ታመሻለች። እራት ዘገየ። መዘግየቱን ተናገርኩ። ባልናገር ይሻል ነበር።

ታኅሣሥ ፩

ድርድሩን ጨርሻለሁ። ከሃያ የሚበልጡ ቤቶች ትራፊውን ሁሉ ይሰጡናል። የሴቶቹ ውል አንድ ነው፦ ይህ ለእኛ ጥራጊ የመሰለን ነገር ለነሱ የእንሰታቸው ማዳበሪያ ስለሆነ፣ ከሰሉ ሥራውን ሲጨርስ ተመልሶ ከእንሰቱ ሥር ይገባል። ተገቢ ውል ነው፤ እኔም የማዋውለው እንዲሁ ነበር። ሙሉነሽ መልእክቱን አደረሰች።

ታኅሣሥ ፬

ማክሰል ጀምረናል። ጉድጓዱን የሚቆፍሩት ፋቂዎቹ ናቸው፤ አለቃቸው ሀንዲሶ ነው። ዕድሜው የእኔ ያህል ይሆናል፣ ትከሻው ሰፊ ነው፣ ብዙ አይናገርም። ልጡን እናነድና ጭሱ ሳይቀጥን በአፈር እናፍነዋለን። እሳቱ ቶሎ ከታፈነ ጥሬ ይወጣል፣ ከዘገየ አመድ ይሆናል። ሁለት ጊዜ አመድ ሆነ። ጮህኩ። ሀንዲሶ አካፋውን ተደግፎ እስክጨርስ ጠበቀኝና፦

"ጌታዬ፣ ልጠይቅ?"

"ጠይቅ።"

"ይህ ሁሉ ለእኛ ነው ወይስ ለክርክሩ?"

"የምን ክርክር?"

"ከቀኛዝማች ጋር ያለው።"

"ቤትህ ከዳነ ለምኑም ቢሆን ምን ቸገረህ?" አልኩት።

"ቸገረኝ" አለ። "ለክርክር የሚሠራ ሰው ክርክሩ ሲያልቅ ይሄዳል። እኛ እዚሁ ነን።"

የማይረባ ጥያቄ ነው። ሦስተኛው ጉድጓድ መልካም ከሰል ወጣው።

ታኅሣሥ ፲

ሆነ!

ትልቅ እንስራ ሥሩን በስተን ከታች አሸዋ፣ ከላይ የተደቆሰ ከሰል ሞላንበት። ሀንዲሶ ከጉድጓዱ ያን ጥቁር ውሃ ቀድቶ አፈሰሰበት። ከታች የወጣው ያለ አንዳች ቀለም ነው። ሽታም የለውም። ሀንዲሶ ጣሳውን ወደ ፀሐይ አነሣ፣ አዞረው፣ እንደገና አነሣው። የትልቅ ልጁ ሚስት እልል አለች። እኔ አልጮህኩም፤ የሚሆነውን አውቅ ነበር።

ከዚያ ሀንዲሶ ቀመሰው፣ ተፋውም። "የአመድ ውሃ!"

ቀመስኩት። እውነቱን ነው። በጣት መካከል እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እንሰት ፖታሽ የሚባለው የአመድ ጨው ይበዛበታል፤ ከሰሉ ቀለሙን ይዞ ፖታሹን ይለቃል። ይህን ውሃ ካህናቱ በሕዝቡ ፊት ላይ ቢረጩት ዓይን ያቃጥላል፤ ያኔ ቀኛዝማች ቤት ማፍረስ ብቻ አይበቃቸውም።

ሙሉነሽ ቀሪውን ወስዳ ሸሚዜን አጠበችበት። "እንዲህ ነጥቶ አያውቅም። ለምን ሳሙና አይነግዱም?" አለች። ፈጽሞ አላሳቀኝም።

ታኅሣሥ ፲፰

ከሰሉን እናጥባለን። እናጥባለን። እናጥባለን። አሁንም ያንሸራትታል። ይህን ሁሉ ከሰል ለማጥራት የሚበቃ ንጹሕ ውሃ ከላይኛው ምንጭ በሰው ጀርባ እስኪመጣ ፋሲካ ይደርሳል።

ዛሬ ጉምሩክ ቤት ስገባ ሁለት ጸሐፊዎች አላዩኝም። "ከሰል አጣቢው ዛሬ አልመጣም?" "ሲነጣለት ይመጣል።"

ሁለቱንም የጨው አሞሌ ሲያስቆጥራቸው ዋለ ይህ ከሰል አጣቢ።

አንድ እንስራ ሰበርኩ። ወደቀብኝ አልልም፤ ሰበርኩት።

ታኅሣሥ ፳፪

ጾሙ ነው መሰለኝ ሆዴ ይጮኻል፣ እንቅልፍም የለኝም። ሀንዲሶ ልጆቹን ወደ ዳምቦያ፣ ወደ ወንድሙ ዘንድ ሊልክ ነው ይላሉ። ቢነግረኝ ምን አለበት? ነገሩ እኮ አላለቀም። የቀረን አንዲት ነገር ናት።

ታኅሣሥ ፳፬

ከቤቴ ሰዎች ፊት ሙሉነሽ ላይ ጮህኩባት። ምክንያት ነበረኝ።

ቆጮ ሽታው ስለማይስማማኝ እዚህ ግቢ እንዳይገባ ብያለሁ። ከአኑሎ ሚስት ጋር ከተወዳጀች ወዲህ ግን ይገባል። ዛሬ የዳበረውን ቆጮ በጨርቅ ጠቅልላ ስትጨምቅ፣ የወጣውን መጣጣ ውሃ አምጥታ ከሰል የሞላሁበት እንስራ ውስጥ ደፋችው። ዓይኔ እያየ!

"እዚህ የምትደፊው ቦታ ጠፍቶ ነው?"

"አዎ ጠፍቶ ነው" አለች። "ጓሮው እንስራ፣ ደጁ እንስራ፣ መኝታ ቤቱ እንስራ። እራሴ ላይ ልድፋው?"

ዘበኛው ሳቁን ለመደበቅ ወደ በቅሎው ዞረ።

ታኅሣሥ ፳፭

ከሰሉን ልጥለው እንስራውን አነሣሁና ከመድፋቴ በፊት አንድ ጊዜ ልሞክር ብዬ ውሃ አሳለፍኩበት። የመጀመሪያው ኮመጠጠ። ሁለተኛው ምንም። አያንሸራትትም! ሦስተኛው ንጹሕ፣ የጠራ፣ ጣዕም የሌለው ውሃ!

ነገሩ ቀላል ነው። የቆጮ ጭማቂ አሲድ ነው፤ አሲድ ፖታሹን ያጠፋዋል። በየቤቱ የሚደፋውን መጣጣ ሰብስበን ከሰሉን እናሳድርበታለን፣ ከዚያ በጥቂት ውሃ ማለቅለቅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያስፈልግ ከመጀመሪያው አስቤ ነበር ለማለት ይቻላል። መፍትሔውን ዛሬ አግኝቼዋለሁ።

ለሙሉነሽ ነገርኳት። "እንኳን አገኙት" አለች።

ጥር ፫

ልደትን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አሁን ሥራ ብቻ ነው። ወንዙን ሁሉ ማጥራት አያስፈልግም፤ ቦዩን ብቻ። በቦዩ ውስጥ የቀርከሃ ቅርጫቶች ተራ በተራ ቀብረን ከሰል ሞላንባቸው። ውሃው ከአንዱ ወደ አንዱ ሾልኮ ይወርዳል። ጠቁሮ ይገባል፤ ሰባተኛው ቅርጫት ዘንድ የልጅ ዕንባ ይመስላል። መጣጣውን ሴቶች በማሰሮ ያመጣሉ። ለእኔ አይሰጡኝም፤ ለሙሉነሽ ነው የሚሰጡት።

ሀንዲሶ ልጆቹን አልላካቸውም።

ጥር ፭

አለቃ ወልደ ሰንበት ጃንጥላቸውን አስይዘው ቦዩን ሊያዩ መጡ። ሲያዩ ቆዩና "ከዛሬ ጀምሮ ካህናቱ ስለ ውሃው እግዚኦታ ይዘዋል" አሉኝ።

"መልካም ነው። ከሰል የሚደቁስም ቸግሮናል" አልኩ።

"ሰይፈሥላሴ፣ አንተ ሰው፣ ምላስህ ነው ከአዲስ አበባ እዚህ ያመጣህ። ከዚህ ወዲያ ደግሞ የት ትሄዳለህ?"

ከዚህ ወዲያ የሚቀጡበት ቦታ እንዳለ አላውቅም።

ጥር ፰

ከሰሉ ጠገበ። ጠዋት ሰባተኛው ቅርጫት ውስጥ ቢጫ አየሁ። ሐሳቤ እስከ ጥምቀት ይበቃል የሚል ነበር፤ ተሳስቻለሁ። በጉድጓዱ ያለው የቀኛዝማች ቆዳ ብዛት ከገመትኩት በላይ ነው። ዛሬ አዲስ ከሰል ካልከሰለ፣ ነገ መጣጣ ውስጥ ካልዋለ፣ ቅዳሜ ብርሌው ጠጅ ይመስላል። ሴቶቹ ለበዓሉ ቤት እያሰናዱ ስለሆነ የሚፍቅ የለም። ደረቅ ልጥ ከየት?

ሙሉነሽ አኑሎ ቤት ናት። ራሴ እሄዳለሁ።

ያው ዕለት፣ ማታ

አኑሎ አጥር ደረስኩ። በሩ ክፍት ነበር። ከውስጥ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። ከበሩ ውጪ ቆምኩ። ተጣራሁ። ደግሜ ተጣራሁ። ፀሐዩ አናቴን በላው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጉምሩክ ሹሙ አጥር ጥግ እንደ ለማኝ መቆሙን አየ። አልገባሁም።

በመጨረሻ የአኑሎ ሚስት ወጣች፤ ከኋላዋ ሙሉነሽ። ሴትዮዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና በአማርኛ፦ "ጌታው፣ ዛሬ በር አወቅህ?" አለች።

"አወቅሁ" አልኩ። "ያን ቀን ጥፋተኛ ነበርኩ። አሁን ደረቅ ልጥ ቸግሮናል።"

ከሙሉነሽ ጋር በቋንቋቸው ተነጋገሩ። ሚስቴ ይህን ያህል ቋንቋ መቼ እንደተማረች አላውቅም። ሁለቱም ሳቁ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከዚያ ለክረምት ቆጮ መሸፈኛና መኝታ ማንጠፊያ ብለው ከጣሪያ ሥር ያከማቹትን ደረቅ ቅጠልና ልጥ ከየቤቱ አወረዱት። ስምንት ሸክም። እስኪመሽ አከሰልነው።

ጥር ፱

መጣጣ ውስጥ ዋለ። ተለቀለቀ። እጄ ሁሉ ቆጮ ቆጮ ይሸታል። በልቼበታለሁ፤ ምንም አይልም።

ጥር ፲፣ ከተራ

ገና ድንኳን ሳይተከል ቀኛዝማች ሀብቴ አዲሱ ኮርቻ ላይ ሆነው ወረዱ። አለቃ ወልደ ሰንበትም ካህናቱን ይዘው መጡ። የከተማው ሰው ሜዳውን ሞልቶታል። ሀንዲሶና ሰዎቹ ራቅ ብለው፣ ዕቃቸውን ጠቅልለው፣ ቆመዋል። መጠቅለላቸው አናደደኝ። በእኔ ቦታ ሆኜ አስቤው እንጂ በእነሱ ቦታ ማንም ይጠቀልላል።

ቀኛዝማች ወርደው በብርሌው ቀዱ። ፀሐይ ላይ አነሡት። በብርሌው ውስጥ ማዶ ያለው ዛፍ ይታያል። አሸተቱት። ጠጡትም።

"ውሃ ነው" አሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ ሊሉት የከበዳቸውን ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ አለቃ ቀድመው ጠጋ አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"ስማኝ። ካህናቱ ያጉረመርማሉ። ከፋቂ ጉድጓድ ወጥቶ፣ በጥራጊ ከሰልና በቆጮ መጣጣ ያለፈ ውሃ ለጥምቀት አይሆንም ይላሉ። አሁን አንተ ስለ ከሰል ከተናገርክ፣ ውሃው ቢጠራም ሰዎቹ ይነሡ ብለው ይጮኻሉ፤ እኔም ልመልሳቸው አልችልም። እግዚኦታው ደርሷል ካልኩ ግን የተባረከ ውሃ አጠገብ የሚኖርን ሰው ማንም አይነካውም። አንተ ዝም በል፤ እኔ ቦዩን አስጠብቅልሃለሁ።"

ሁለት ወር! ጥቂት ቀርቶት ነው፤ ግን ሁለት ወር እላለሁ። ሳቁን፣ "ከሰል አጣቢ"ውን፣ አጥር ጥግ መቆሙን ሁሉ የቻልኩት ለዚች ደቂቃ ነበር። ቀኛዝማች እየጠበቁ ነው። "እህ? እንዴት አደረግኸው?" አሉ ጮክ ብለው። ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሀንዲሶም አየኝ።

የምለውን ሁሉ አውቀው ነበር። በየሌሊቱ ተለማምጄዋለሁ።

"አለቃን ይጠይቁ" አልኩ።

አለቃ ተናገሩ። እልልታው ወንዙን አናወጠው። ቀኛዝማች እየሳቁ ትከሻዬን መቱ፦ "አየህ? ከሰልህ ሳይሆን ጸሎቱ ነው!" ጸሐፊዎቼ ሳቁ። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

ሀንዲሶ ጥቅሉን ፈታና፣ አካፋውን አውጥቶ፣ የመጀመሪያውን ቅርጫት ሊያስተካክል ወደ ቦዩ ወረደ።

ጥር ፲፩፣ ጥምቀት

ውሃው ተረጨ። የማንም ዓይን አልተቃጠለም። ወደ ኋላ ቀርቼ ከሩቅ ተረጨሁ፤ ከሰሉን ቀመስኩት ማለት እችላለሁ፣ ግን ሐሰት ይሆናል። ውሃ ብቻ ነበር።

ከቤት ስደርስ መናገር ጀመርኩ። ስለ አለቃ፣ ስለ እግዚኦታው፣ ሰው የለፋበትን ሌላው ስሙን ሲወስድበት ምን እንደሚሰማ። ብዙ ተናገርኩ። ሙሉነሽ እጆቿን ቅቤ እየቀባች አዳመጠችኝ። ቅላታቸው አሁንም አልጠፋም።

"በጣም ያማል?" አለች።

"በጣም!"

"አይዞዎት። እየቆየ ይለመዳል።"

ተነሥታ ወጣች። ስወጣ ሰማኋት፤ ከዘበኛው ጋር ስለ በቅሎው ገብስ እያወራች ነበር፣ ድምፅዋ ምንም አልተለወጠም።

ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። የታኅሣሥ ፩ንና የታኅሣሥ ፳፭ን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። አልሰርዛቸውም፤ እንደተጻፉ ይቀመጡ።

ነገ የጠገበው ከሰል ከቦዩ ይወጣል። በውሉ መሠረት ወደ አኑሎ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ሥር ይመለሳል። ሙሉነሽ ታደርሰዋለች ብዬ ልጽፍ ነበር።

እኔ ተሸክሜ እወስደዋለሁ። እስከ በሩ ድረስ።